የፋሲል ግቢ በአራቱ ወቅቶች

ጎንደርን ያየ ሰው ሁሉ የዐፄ ፋሲልን ግንብ መልክ በልቡ ይዞ ይመለሳል፤ ያላየውም ቢሆን ከቀን መቁጠሪያ፥ ከመማሪያ መጽሐፍ ወይም ከዘመድ ቤት ግድግዳ ያውቀዋል። በየማዕዘኑ ጉልላት የደፉ አራት ክብ ግንቦች፥ በላያቸው ከፍ ብሎ የሚታይ አንድ ባለ አራት ማዕዘን ግንብ፥ ከበስተኋላውም ደመና የሌለበት ሰማያዊ ሰማይ። ሥዕሉ መልካም ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ፎቶግራፎች ሃያ ወይም ሠላሳ የሚሆኑትን ሰብስቦ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለዘረጋቸው ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይገለጥለታል፤ ይኸውም ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በአንድ ወቅት የተነሡ መሆናቸው ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ የቤተ ሰባችንን አልበም መግለጥ ይበቃል። ሠርጋችን ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ነው፤ ያልደረሰለትም ፋሲካን ጠብቆ በሚያዝያና በግንቦት ይደግሳል። ሙሽሮቹም በክብር ልብሳቸው ከግንቡ ሥር ቆመው ይነሣሉ። እንግዳም ቢሆን ከሩቅ አገር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለገናና ለጥምቀት ነው። ሰኔ ሲገባ ካሜራው ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ ስልኩም ከኪስ አይወጣም። ስለዚህ ግንቡ በአልበማችን ውስጥ የሐምሌን ዝናብ ተቀብሎ አያውቅም፤ የነሐሴ ጉም ሸፍኖት አያውቅም፤ በመስከረምም በራሱ ላይ ሣር በቅሎበት አያውቅም። ሕንጻ ግን የሚታመመው በክረምት ነው። ሐኪም በሽተኛውን በበዓል ቀን፥ አዲስ ልብስ ለብሶ ሳለ ብቻ ቢያየው ምን መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል?

እኛ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ጥቂት ተማሪዎችን አስከትለን የግቢውን ሕንጻዎች በየወቅቱ ፎቶግራፍ ማንሣት ከጀመርን ወዲህ ያስተዋልነውን ለውድ አንባቢያን ማካፈል መልካም መስሎ ታይቶናል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከልጆቹ አብዛኞቹ የሚያነሡት በወላጆቻቸው ስልክ ነው። ትዕግሥትን ግን አብዝቶ ይጠይቃል።

አስቀድመን ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ነው። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም በዚያው ቅጥር ውስጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሠሩ፤ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፥ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፥ የዐፄ ዳዊት የዜማ አዳራሽ፥ የዐፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች ሁሉ እንደ አንድ ቤተ ሰብ አባላት ተጠጋግተው ቆመዋል። ቅጥሩ 12 በሮች አሉት፤ በውስጡ ያለው ቦታም ወደ 70,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ዛሬ በሕንጻዎቹ መካከል ሣር ለብሶ፥ ዛፍ አጥልቶበት የከተማይቱ መናፈሻ ሆኗል፤ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ይቀመጥበታል፥ ሽማግሌም ይነፍስበታል። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ የጃን ተከል ዋርካ አለ። የዓለም የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት፥ ዩኔስኮ፥ ይህን ግቢ በከተማይቱና በአካባቢዋ ካሉ ሌሎች ሕንጻዎች ጋር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው።

ፎቶግራፍ ለጎንደር ዘግይቶ እንደ ደረሰ ማሰብ ያሳዝናል። ይህ ጥበብ በፈረንሳይ አገር ለሕዝብ የተገለጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ስለ ሆነ የፋሲል ከተማ በዚያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት አልፏት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን ባስበረበሩ ጊዜ፥ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቷን ባቃጠሉ ጊዜ የጠፋው ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳይ ሥዕል ፈልጎ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቶ ነበር፤ መንገዱ ግን በጎንደር አላለፈም። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ደግሞ ጠላት ግቢውን ለጦር አዛዦቹ ተጠቀመበት፤ ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነጻ እስክትወጣ ድረስም ከእንግሊዝ አውሮፕላኖች የወረደው ቦምብ ከሕንጻዎቹ አንዳንዶቹን ጎዳ። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፥ ቀድሞም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1704 የምድር መንቀጥቀጥ ደርሶበት የነበረው፥ ዛሬ ጣራ አልባ ሆኖ ሰማይን የሚያየው እንዲህ ያለውን ሁሉ ችሎ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ኢጣልያኖች በቆዩበት ጊዜ ያደረጉት ጥገና በሲሚንቶና በብረት የተሠራ ነበር። የጥንቶቹ ግንበኞች ግን ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ እርጥበትን ተቀብሎ ቀስ እያለ መልሶ ለአየር ይሰጣል፤ ሲሚንቶ ግን ውሃውን በግድግዳው ውስጥ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህም ከጊዜ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግድግዳው ውሃን እንዴት እንደሚጠጣና እንዴት እንደሚተፋ ካሜራ ሊያሳየን የሚችለው በዚህ ጉዳይ ነውና።

ሊቃውንቶቻችን ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። (ዛሬ ብዙ ሰው ጸደይ የሚለውን ስም ወስዶ ለመስከረምና ለጥቅምት ሰጥቶታል፤ እኛ ግን በቅኔ ቤት እንደ ተማርነው እንጽፋለን።) ለፎቶግራፍ አንሺም ከዚህ የተሻለ አከፋፈል የለም፤ ብርሃኑም፥ አየሩም፥ የግድግዳውም መልክ በእነዚህ ቀኖች አካባቢ ይለወጣል።

ከክረምት እንጀምር፤ የተናቀው እርሱ ነውና። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ጊዜ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ አይመጣም፤ ከሰማዩ ሁሉ እኩል ይወርዳል። ጥላ አይኖርም። ቱሪስት ይህን ብርሃን አይወደውም፤ ግንቡን የሞተ ያስመስልበታል ይላል። ነገር ግን የድንጋዩን ቀለም በእውነት የሚያሳየው ይኸው ብርሃን ነው። የግንቡ ሰውነት ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ሲሆን የመስኮቶቹና የበሮቹ ቅስት ቀላ ካለ ለስላሳ ድንጋይ ነው። በበጋ ፀሐይ ሁለቱም አቧራ የለበሱ ስለሚሆኑ እምብዛም አይለያዩም። ዝናብ ሲያጥባቸው ግን ጥቁሩ እንደ ቀለም ይጠቁራል፤ ቀዩም አዲስ እንደ ተጠረበ ይቀላል። የሕንጻውን ጌጥ ለማስተማር የምንጠቀምባቸው ፎቶግራፎች ሁሉ በነሐሴ የተነሡ ናቸው።

ከጌጡ የሚበልጠው ግን የውሃው መንገድ ነው። ለተማሪዎቻችን የምንሰጣቸው ትእዛዝ ዝናብ ሲዘንብ ሳይሆን ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲያነሡ ነው። ዝናብ እየዘነበ ሳለ ግድግዳው ሁሉ እርጥብ ስለሆነ ደኅናው ከታመመው አይለይም። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደኅናው ክፍል ይደርቃል፤ ውሃ የገባበት ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ከግንቡ ጫፍ እስከ መሠረቱ የሚወርድ ጥቁር መስመር ይታያል፤ አንዳንዱ እንደ ጣት ቀጭን፥ አንዳንዱ እንደ ነጠላ ጥበብ ሰፊ። መስመሩ የሚጀምርበት ቦታ ከላይ ኖራው የተከፈተበት ቦታ ነው። በጥር ወር የተነሣ ፎቶግራፍ ይህን ፈጽሞ አይነግረንም።

በክረምት ለማንሣት የሚወጣ ሰው ለመሣሪያው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ካሜራውን ከብርድ በድንገት ወደ ሞቀ ቤት ማስገባት በሌንሱ ላይ ጤዛ ያስይዛል፤ ስለዚህ በከረጢት እንደ ተጠቀለለ ጥቂት ማቆየት ይሻላል። እርጥበት ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው አንድ ጊዜ መስተዋቱን ከበላው አይለቅም። ጃንጥላ የሚይዝ ጓደኛም ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ይህ ሥራ በተራ የሚደርስ ስለ ሆነ ልጆቹ ከካሜራው ይልቅ ለጃንጥላው ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ ከመስቀል በኋላ፥ ዘመነ ጽጌ ይገባል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀኖች እመቤታችን ከልጇ ጋር የተሰደደችበትን እያሰብን በማኅሌት ስናድር ግቢውም አበባውን ያወጣል። አየሩ በዝናብ ታጥቦ ስለ ቆየ በዓመቱ ውስጥ ከዚህ የጠራ ጊዜ አይገኝም፤ ከግንብ ላይ ሆኖ ወደ ሩቅ ለሚመለከት ሰው የተራሮቹ መስመር እንደ ቢላዋ ስል ሆኖ ይታየዋል። አደይ አበባም በየሜዳው ቢጫውን ይዘረጋል። በእርግጥ ለዓይን የሚያስደስት ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢወጣ አይቆጭም።

ይሁን እንጂ በዚሁ ወቅት ወደ ግንቡና ወደ ቅጥሩ ጫፍ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በጫፉ ላይ ሣር፥ ቅጠልና ትንንሽ ቁጥቋጦ በቅሎ ይታያል። አረንጓዴው ያምራል፤ ለሥዕል ሲሆን ጥንታዊነትን ይጨምራል። ነገር ግን ሣር በድንጋይ ላይ አይበቅልም፤ የሚበቅለው አፈርና ውሃ በተገኘበት ነው። አንድ ተማሪያችን የነሐሴውንና የመስከረሙን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲመለከት፥ በነሐሴ ጥቁሩ መስመር ወርዶበት በነበረው ቦታ አናት ላይ በመስከረም ሣሩ ወፍሮ እንደ በቀለ አሳየን። ልጁ ይህን ያገኘው ማንም ሳይነግረው ነው። ያን ቀን የተሰማንን ደስታ ለመምህራን መንገር አያስፈልግም፤ ያውቁታል።

በጋውን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ አንባቢው ራሱ ያውቀዋልና። በታኅሣሥና በጥር ግድግዳው ሲደርቅ በክረምት የጠጣውን ውሃ ይተፋል፤ ውሃውም ከውስጥ ይዞት የወጣው ጨው በላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በነሐሴ ጥቁር የነበረው ቦታ በጥር ነጭ ሆኖ ሲታይ በሽታው አንድ መሆኑን የሚያውቅ ሁለቱን ሥዕሎች ያየ ሰው ብቻ ነው። ጸደይ ደግሞ፥ በተለይ ሚያዝያ፥ ለፎቶግራፍ አስቸጋሪ ወቅት ነው፤ አየሩ በአቧራና በሙቀት ይደበዝዛል፥ ፀሐይም አናት ላይ ትቆማለች። ቢሆንም ያን ወቅት መዝለል አይገባም፤ ከክረምት በፊት ግድግዳው ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክር እርሱ ነው።

ስለ ፀሐይ ካነሣን ዘንድ ጥቂት እንቆይበት፤ ተማሪዎቻችንን እጅግ ያስገረማቸው ይህ ነበርና። ብዙ ሰው ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ ትክክል አናት ላይ እንደምትውል ያስባል። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በቀትር ትክክል አናቷ ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ሚያዝያ 17 ቀን አካባቢና ነሐሴ 12 ቀን አካባቢ ነው። ሁለተኛው በፍልሰታ ጾም መካከል ይውላል። በእነዚያ ቀኖች በቀትር ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም ማለት ይቻላል። በሁለቱ ቀኖች መካከል፥ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ፥ የቀትር ፀሐይ ከሰሜን በኩል ትሆናለች። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ደግሞ ከደቡብ ናት።

ከዚህ የተነሣ የሕንጻው ሰሜናዊ ግድግዳ ለስምንት ወር ያህል የቀትር ፀሐይ አያገኝም። ፀሐይ ወደ እርሱ የምትዞረው በጸደይና በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙውን ቀን ደመና ይሸፍናታል። ሰሜናዊ ግድግዳ ሁሉ ዘግይቶ የሚደርቀውና ሽበት የሚያበቅለው ስለዚህ ነው። ለምሳሌ 30 ሜትር ቁመት ያለው ሕንጻ በታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ በቀትር ወደ ሰሜን 22 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ሚካኤል ሰሞን ግን ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 6 ሜትር እንኳ አይሞላም። ልጆቹ ይህን በመጀመሪያ በሒሳብ አግኝተው፥ ኋላ በሜዳው ላይ በገመድ ለክተው ሲያረጋግጡት ሒሳብ ለምን እንደሚማሩ የጠየቀን አልነበረም።

የድንጋዩን መልክ፥ ማለትም የጥርቡን ጠባሳ፥ የስንጥቁን መንገድ፥ የኖራውን መውደቅ ለማሳየት የሚሻለው ግን ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፥ ማታም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው። ብርሃኑ ግድግዳውን ከጎን እየዳሰሰው ስለሚያልፍ ትንሿ እብጠት ሳትቀር ጥላ ትጥላለች። የቀትር ብርሃን ግን ሁሉን ለጥ አድርጎ ያስተካክለዋል።

አሁን ስለ አነሣሡ። ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በአንድ ሕግ ላይ ነው፤ ቦታው፥ ከፍታው፥ አቅጣጫውና ሰዓቱ አይለወጥም። ልጆቻችን ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚቆሙበትን ስፍራ ከሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች፥ ለምሳሌ ከአንድ በር ማዕዘንና ከአንድ ዛፍ ግንድ፥ በገመድ ለክተው በደብተራቸው ጽፈውታል። ካሜራው ከመሬት 1 ሜትር ከ50 ይቆማል። የቀድሞውን ፎቶግራፍ በእጃቸው ይዘው የመስኮቱ ጠርዝ ከበስተኋላው ካለው ግንብ ጋር በዚያው ቦታ መጋጠሙን ያያሉ። ይህ ካልሆነ የዘንድሮው ስንጥቅ ከዓምናው ይርዘም ወይም አይርዘም በምን ይታወቃል? ለመጠኑም አንድ ሜትር የሆነ፥ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ እንጨት በሥዕሉ ውስጥ እናቆማለን፤ ግድግዳውን ግን አናስነካውም።

ጀማሪን የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉት ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቅ መምሰሉ ነው። መድኃኒቱ ወደ ኋላ መራቅና ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ከፊት የሚተርፈው ሣር ኋላ ሊቆረጥ ይችላል። ሁለተኛው የድንጋዩ ጥቁረት ነው። ካሜራ የተሠራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ያለው እንዲያደርግ ስለ ሆነ፥ ብሩህ ሰማይና ጥቁር ግድግዳ አንድ ላይ ሲገጥሙት ለሰማዩ አድልቶ ግድግዳውን ያጨልመዋል። በስልክ የሚያነሣ ሰው በመስተዋቱ ላይ ግድግዳው ያለበትን ቦታ በጣቱ ቢነካ ስልኩ ለግድግዳው ይለካል። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ቢቀር ምን ይጎዳል? የምንጠብቀው ሰማዩን አይደለም።

ከግቢው ወጥተን ወደ ቀሃ ወንዝ ስንወርድ የፋሲል መዋኛ የሚባለውን፥ ዛሬ ባሕረ ጥምቀት የሆነውን እናገኛለን። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ቆይቶ ለጥምቀት ከወንዙ ውሃ ይሞላል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ በከተራ ወርደው ሲያድሩ፥ በ11ም ጠዋት ውሃው ሲባረክ የሚሆነውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል። በዚህ ቀን የሚያነሡ ብዙዎች ስለ ሆኑ እኛ ልጆቻችንን ያለ ካሜራ እንወስዳቸዋለን፤ ታቦት ሲያልፍ እጁ በስልክ የተያዘ ሰው እንዴት አድርጎ ያማትባል? ይህ የእኛ ሐሳብ ነው፤ ሌላው እንደ ልቡ ያድርግ። በደብረ ብርሃን ሥላሴም ቢሆን ጣራው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች በፍላሽ ማንሣት ቀለሙን ስለሚጎዳ ካህናቱ ሲከለክሉ መታዘዝ ይገባል።

ወደ መዋኛው የምንሄደው ሰው በሌለበት፥ በጥቅምትና በግንቦት ነው። በዚያ ቅጥሩን እንደ እባብ ተጠምጥመው የያዙት የዛፍ ሥሮች አሉ። በዓለም ላይ ያሉ መጻሕፍትና ፖስት ካርዶች ሁሉ ያሳዩአቸዋል፤ እኛም ስናያቸው እንደነቃለን። ወፍ የዋርካ ዓይነት ዛፍ ፍሬ በልታ ዘሩን በድንጋይ መካከል ትጥለዋለች፤ ዘሩም በኖራው ስንጥቅ ውስጥ በቅሎ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያል። እንግዲያስ ይቆረጥ የሚል ሰው ይነሣል። ነገር ግን ለብዙ ዘመን የኖረ ሥር የገፋውን ግድግዳ ራሱ ደግፎ ይዞታል፤ ቢቆረጥና ውስጥ ለውስጥ ቢበሰብስ በድንጋዮቹ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ግድግዳውም ሊናድ ይችላል። ቆራጩም ተከላካዩም ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚፈርደው ሥሩ ዛሬም ያድጋል ወይስ ቆሟል የሚለው ነው፤ ይህንም የሚመልሰው ከአንድ ቦታ፥ በየዓመቱ፥ ከአንዲት የመለኪያ እንጨት ጋር የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። አንድ ዓመት አይበቃም፤ አሥር ዓመት ምናልባት ይበቃል። የዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያን ጊዜ የልጅ አባት ይሆናል።

በ2017 ዓ.ም. በግቢው ሰፊ የጥገና ሥራ ተካሂዷል። እንዲህ ያለ ሥራ በተሠራ ቁጥር ከጥገናው በፊት የተነሣ ሥዕል ዋጋው ይጨምራል፤ የተጠገነው የቱ እንደ ሆነ፥ የጥንቱ የቱ እንደ ሆነ የሚለየው በእርሱ ነውና። ከእንግዲህ በኋላ ያሉት ክረምቶችም አዲሱን ኖራ እንዴት እንደሚቀበሉት መታየት አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ክረምቶች ብዙ ይናገራሉ።

ስለዚህ በየቤታችሁ ያለውን አልበም እንድትገልጡ እንለምናለን። ሙሽሮቹን ለጊዜው ተዉአቸውና ከበስተኋላቸው ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ። በስልክ የተነሣውንም በወረቀት አሳትሙት፤ ስልክ ይሰበራል፥ ይሰረቃል፥ የተሰበሰበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የታተመውን ሙጫ ባለው አልበም ከመለጠፍ በወረቀት ፖስታ ማስቀመጥ ይሻላል። በጀርባውም ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የቆማችሁበትን ቦታ በእርሳስ ጻፉ፤ የብዕር ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ሥዕሉ ይሰርጋልና።

አንዲት ተማሪያችን የአያቷን የሠርግ ፎቶግራፍ ይዛ መጥታ ነበር። ሙሽራው ካባ ደርበው፥ ሙሽራይቱ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ ከሙሽራው ትከሻ በላይ የቅጥሩ ጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል፥ አንድ ቅጠል እንኳ የለበትም። በጀርባው ምንም አልተጻፈም። ልጅቱ ቀኑን እንድትጠይቅ ወደ አያቷ መለስናት። አያቷም «እንጃ ልጄ፥ ዓመተ ምሕረቱን ማን ቆጠረው» ካሉ በኋላ አሰብ አድርገው፥ የበኩር ልጃቸው ክርስትና የተነሣው በማግሥቱ ዓመት ኅዳር ጽዮን እንደ ነበር፥ ልጁም ዛሬ ስንት ዓመት እንደ ሆነው፥ ሠርጉም ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እሑድ እንደ ነበር እያነሡ እየጣሉ ተናገሩ። ልጅቱ በጣቷ ቆጥራ፥ እርሳሷን ቀርጻ፥ በፎቶግራፉ ጀርባ «ጥር 1961 ዓ.ም.፥ ጠዋት» ብላ ጻፈች። «ጠዋት» መሆኑን ያወቀችው ከጥላው ነው።